ያልተወራረደ

የፋይናንስ ኃላፊ የሆንኩት ኤክሴል ስለምችል ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ልጆች የሚያስጠና፣ ምሳ የሚያበላ፣ በየዓመቱ ደግሞ ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛ አንድ ትንሽ ድርጅት አለ። እዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ በበጎ ፈቃድ ኮምፒውተር አስተምር ነበር። ሒሳብ ሠራተኛዋ የተሻለ ደመወዝ አግኝታ ስትለቅ የቦርዱ ሰብሳቢ ጠሩኝና «አንተ እኮ ኢንጂነር ነህ፣ ይኼ ምን ያቅትሃል?» አሉኝ። አምስት ዓመት ኢንጂነሪንግ ስማር ስለ ዴቢትና ክሬዲት ማንም ነግሮኝ አያውቅም። እሺ አልኩ።

መጀመሪያ ግራ ያጋባኝ ብር ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ባንክ ውስጥ ብር እያለ የቤት ኪራይ መክፈል የሚያቅትበት ወር አለ። ለምሳ ተብሎ የተሰጠ ብር ለምሳ ብቻ ነው፤ አከራዩ በር ላይ ቆሞ ቢጮህም አይነካም። በዚያ ላይ የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 እንደኛ ላሉ ድርጅቶች አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ስለዚህ አንድ ሰው የመኪና ኪራይ ደረሰኝ ይዞ በመጣ ቁጥር «ይኼ የፕሮግራም ነው ወይስ የአስተዳደር?» እየተባባልን እንከራከራለን። ለአንድ ደረሰኝ ግማሽ ቀን የተከራከርንበት ጊዜ አለ፣ አልዋሻችሁም።

ሁለተኛው ጣጣ ቀን ነው። የባንክ ስቴትመንቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ይመጣል። የመርካቶ ደረሰኝ በእጅ፣ በእኛ አቆጣጠር ይጻፋል። ለጋሹ ዓመቱን በዲሴምበር ይዘጋል፤ እኛ በሰኔ 30። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ እያንዳንዱን ቀን ጣቷን እየቆጠረች ነበር የምትቀይረው። እኔ ሳየው ሳቄ መጣ። አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ የደረሰኞቹን ቀን ቀይሮ ከባንኩ ወጪ ጋር የሚያስታርቅ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። በጥቅምትና በኅዳር ደረሰኞች ሞከርኩት፤ እንደ ውኃ ፈሰሰ።

ጥር 2016 ላይ ለለጋሹ ሪፖርት ሳዘጋጅ 64,350 ብር ጎደለ። ከባንክ ወጥቷል፣ ደረሰኝ ግን የለውም። ቼኩን ያወጡት ካሸራችን ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። እዚያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል፣ ልጆቹ ደግሞ እማማ ይሏቸዋል። ቢሯቸው ከእኔ ጠረጴዛ አሥር እርምጃ አይርቅም። ሄጄ «እትዬ፣ ይኼ ብር የት ገባ?» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። «ያልተወራረደ ሒሳብ» ብዬ ለቦርዱ ኢሜይል ላክሁ፤ ሰንጠረዥ አያይዤ፣ የጎደለውን ቀይ ቀብቼ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ደቂቃ ስለ ብሩ አልነበረም የማስበው። ሥራዬ እንዴት ጥሩ እንደሆነ ነበር።

ቅዳሜ በስብሰባው ላይ ጸሐፊው ኢሜይሌን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። እትዬ የሻይ ብርጭቆ ይዘው ነበር፤ ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ማንም አላያቸውም፤ ሁሉም ወረቀቱን ነው የሚያየው። ተነሥተው ወጡና አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ተመለሱ። ውስጡ በላስቲክ የታሰሩ ደረሰኞች ናቸው።

«የትኛው ቀን ነው የጎደለህ?»

«ሴፕቴምበር 7 የወጣው ነው።»

«በእኛ ስንት ነው?»

አላወቅኩትም። ፕሮግራሙ ነዋ የሚያውቀው።

ዘጠኝ ደረሰኝ አንድ በአንድ ፊቴ ደረደሩ። ደብተር፣ ቦርሳ፣ የዩኒፎርም ጨርቅ። ሁሉም ላይ 2/13፣ 3/13፣ 4/13 ተብሎ ተጽፏል። ጳጉሜ። የትምህርት ዕቃ ሌላ መቼ ይገዛል? ዘጠኙም እኮ ፋይሉ ውስጥ ነበሩ፤ ራሴ ነኝ ያስገባኋቸው። ላፕቶፑን ከፈትኩ። ቀኑ ካልተነበበ ያንን መስመር ዝለለው የሚል ትእዛዝ፣ በገዛ እጄ የጻፍኩት፣ እዚያው ቁጭ ብሏል። ለፕሮግራሜ ከ12 በላይ ወር የሚባል ነገር የለም። የ13 ወር ፀጋ እየተባልኩ ያደግሁ ልጅ ነኝ እንግዲህ።

ደመርኩ። 64,350።

«ይቅርታ እትዬ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ለእኔ ብቻ አይደለም የምትለው» አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ሌባ ነች ተብሎ የተነበበው ጮክ ተብሎ ነው። አልሰረቀችም የሚለውም እንደዚያው ይነበብ።»

አባቴ የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ ነበር። በወር አንዴ ድንኳን ውስጥ ቆሞ ገቢና ወጪውን ለሰው ሁሉ ሲያነብ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ መቼ ጨርሶ ወደ ቤት እንሄዳለን እል ነበር። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ማስተባበያ ጻፍኩና ራሴ ቆሜ አነበብኩት። ስሕተቱ የማን እንደሆነ የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሰብሳቢው «በቃ፣ ገብቶናል» ብለው ሊያሳልፉት ፈለጉ። እትዬ «ያንብበው» አሉ። አነበብኩት።

ፕሮግራሙን አልጣልኩትም፤ አሁን ያላወቀውን ቀን አይዘልም፣ ቆሞ ይጮሃል። እኔና እትዬ ግን እንደ ድሮው ለመሆን ብዙ ቆየን። ለወራት ሻይ ሲያፈሉ ለሁሉም ይቀዱና የእኔን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ትተውልኝ ይሄዳሉ። ደረሰኝ ሲያስረክቡኝም ቁጥሩን በደብተር ያስፈርሙኛል፤ ሌላ ማንንም አያስፈርሙም።

ባለፈው ጳጉሜ ከመርካቶ ሲመለሱ ቆርቆሯቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ቁጠር» አሉኝ።

ሃያ ሦስት ነበር። ደብተሩን ስጠብቅ ሻዬን ቀዱልኝ።