ሲያልኮት፦ ከተማ ያህል የሰፋ ተራ

ፓኪስታን፣ ሲያልኮት የደረስኩት በጥር ነው። የፑንጃብ ጉም ሜዳውን ሁሉ ስለሸፈነው፣ በስተሰሜን ይታያሉ የተባሉትን የካሽሚር ተራሮች ለማየት አልታደልኩም። መጀመሪያ ዓይኔ የገባው አንድ ባጃጅ ነበር፤ እስከ ጣሪያው መቀስ ተጭኗል። መቀሶቹ ጥቁር ናቸው፤ ስለት አልወጣላቸውም፣ ሁለቱ ወገን ገና አልተጋጠመም። አንዱ ሰፈር ቀጥቅጧቸው ሌላው ሰፈር ሊሞርዳቸው እየወሰዳቸው ነው።

ከአስተርጓሚዬ ጋር ተከተልነው። ሞራጆቹ ቤት መሬት ላይ ተቀምጠው የሚሠሩ አራት ሰዎች አሉ። እነሱ የጨረሱትን ሌላ ባጃጅ ወደ እሳት ቤት ይወስደዋል፤ እዚያ ብረቱ ግሎ ይጠነክራል። ከዚያ አወልዋዩ፣ ከዚያ ፈታሹ። ቀዶ ሐኪም እጅ የሚገባ አንድ መቀስ በስንት ደጃፍ እንደሚያልፍ ስቆጥር ውዬ ተውኩት። ማንም ብቻውን መቀስ አይሠራም፤ መቀሱን የምትሠራው ከተማዋ ናት።

ምሁራን እንዲህ ያለውን ቦታ የኢንዱስትሪ ክላስተር ይሉታል። የመርካቶ ልጅ ግን ቃሉን ከጥንት ያውቀዋል፦ ተራ። ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። ተመሳሳይ ሥራ የያዙ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው እየተፎካከሩም እየተበዳደሩም የሚኖሩበት ማለት ነው። ሲያልኮት ከተማ ያህል የሰፋ ተራ ናት። ስፌቱ ኳስ፣ ብረቱ የሕክምና መሣሪያ፣ ቆዳው ጓንት ይሆናል።

ነገሩ የተጀመረው በጥገና ነው። 19ኛው ክፍለ ዘመን ሲገባደድ ከተማዋ የእንግሊዝ ጦር ሰፈር ነበረች። ለመኮንኖቹ ኮርቻ የሚሰፋ ሰው የተቀደደ ኳስ ጠግን ቢሉት ጠገነ፤ ቀጥሎ አዲሱን ሰፋ ይላሉ የአገሩ ሰዎች። ጎራዴና ቢላዋ የሚያበጁት ደግሞ የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል የተበላሹ መሣሪያዎቹን ሲያመጣላቸው እጃቸውን አፍታቱ። ፋብሪካ ይተከልላችሁ ያላቸው አልነበረም። ሥራው ያረፈው ቀድሞ እጅ ላይ በነበረ ሙያ ላይ ነው፤ ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ የሲያልኮት ሂንዱና ሲክ ነጋዴዎችና ሠራተኞች ድንበር ተሻግረው ተሰደዱ። ብዙዎቹ ጃላንዳር ሰፈሩ። ዛሬ ጃላንዳር የሕንድ የስፖርት ዕቃ መናኸሪያ ናት። ቤቱና መሬቱ እዚህ ሲቀር ሙያው ከሰዎቹ ጋር ሄደ።

በሁለተኛው ቀን አንድ አረጋዊ ኳስ ሰፊ ዘንድ ተወሰድኩ። ተማሪዎቻቸው “ኡስታድ” ይሏቸዋል። ኳሱን በእንጨት መቆንጠጫ ጉልበታቸው መካከል አጣብቀው፣ በሁለት መርፌና ሰም በተቀባ ክር ግራና ቀኝ ይስባሉ፤ የኮርቻ ስፌት ነው። 20 ባለስድስት ጎንና 12 ባለአምስት ጎን ቁራጭ፣ በድምሩ 32። ኳሱ የሚሰፋው ተገልብጦ ነው። ሊያልቅ ሲል ይገለበጥና ፊኛው ይገባል፤ የመጨረሻዎቹ ስፌቶች ከውጭ ተሰፍተው ክሩ እንዳይታይ መሰወር አለበት። “ልጄ፣ ሰፊ የሚለየው እዚህ ነው” አሉኝ። አንዱ ኳስ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ክፍያው በኳስ ቁጥር ነው፣ ጥቂት ነው።

ይህ ስፌት ድሮ የቤት ሥራ ነበር፤ ሕፃናትም ይሰፉ ነበር። ነገሩ ዓለምን ካስቆጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1997 የከተማዋ ንግድ ምክር ቤት ከዓለም የሥራ ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋር አትላንታ ላይ ተስማማ፤ ስፌቱ ቁጥጥር ወዳለባቸው ማዕከላት ተዛወረ። መደረግ ነበረበት። ግን ከቤት መውጣት ለማይችሉ እናቶች ገቢው አብሮ ሄደ፤ ይህንንም መናገር ያስፈልጋል።

ሌላው ፈተና ማሽን ነው። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የዓለም ዋንጫ ኳስ በሙቀት የተጣበቀ እንጂ የተሰፋ አልነበረም፤ የተሠራውም ታይላንድ ነው። የ2010ሩን ቻይና ሠራችው። ሲያልኮት ማጣበቁን ተማረችና በ2014 ብራዚል ላይ የተመታው ብራዙካ የተባለው ኳስ ከእሷ ወጣ። ከዚያ በፊትም፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 የሲያልኮትን የሕክምና መሣሪያዎች በጥራት ጉድለት ስታግድ፣ ሌላ ቀን ደንበኛ የሚነጣጠቁት ጎረቤታሞች በማኅበራቸው በኩል የጥራት ደንቡን አብረው አጠኑ።

የወደብ ርቀት ምን እንደሚያስከፍል የማውቅ የኢትዮጵያ ልጅ ነኝና፣ ልቤን የነካው አየር ማረፊያው ነው። ካራቺ ከዚህ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ነጋዴዎቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደረቅ ወደብ አቋቋሙ፤ ቀጥሎ ከኪሳቸው አዋጥተው በ2007 ሥራ የጀመረ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ሠሩ፤ በ2020 ደግሞ ኤር ሲያል የተባለ አየር መንገድ አበረሩ። አንዱ ባለ ወርክሾፕ ብቻውን የማይችለውን ተራው ቻለው።

ከመሄዴ በፊት ወደ ሞራጆቹ ተመለስኩ። ከመሣሪያው ከፊሉ ጀርመን፣ ቱትሊንገን ወደምትባል ሌላ የሙያ ከተማ ይላካል፤ እዚያ ተፈትሾና ማኅተም ተመትቶበት በብዙ እጥፍ ይሸጣል። ከሞራጆቹ አንዱ እጁን ጨርቅ ላይ እየጠረገ በአስተርጓሚዬ በኩል ጠየቀኝ፦

“በአገርህ ሆስፒታል መቀሱ ላይ የማን ስም ነው ያለው?”

ስመለስ እንደማጣራለት ቃል ገባሁለት።