የሉተር እንግዳ የነበረው ዲያቆን

ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ 14ኛው ስትሪት ዳር ያለች ጠባብ አፓርታማ። አክስቴ ጀበናውን ጥዳለች፣ የአጎቴ ልጅ ሪሞቱን ይዟል። ጠጋ በሉ፣ ፈንዲሻ ሞልቷል።

የአጎቴ ልጅ ጴንጤ ነው። አክስቴ ደግሞ ማርያምን ሳትጠራ ስኒ አታነሳም። እናም ልጁ «ማርቲን ሉተር፣ መናፍቁ» የሚለውን ድራማ ሲከፍት ነገር መምጣቱ ገባኝ። የሉተርን ልደት 500ኛ ዓመት አስመልክቶ እ.ኤ.አ. በ1983 የተሠራ ነው፤ ሉተርን ሆኖ የሚጫወተው ጆናታን ፕራይስ።

«ይኸው፣ መናፍቅ ያሉት እነሱው ናቸው፤ እኔ ምን ወጣኝ?» አለች አክስቴ።

ነገሩ ሳይከር ብዬ ድራማው ውስጥ የሌለ አንድ ሰው አነሳሁ፦ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን። እ.ኤ.አ. በ1534 ግንቦት መጨረሻ የሉተር ከተማ ዊተንበርግ ገብቶ ከአንድ ወር በላይ ሰንብቷል። ከሉተርና ከባልደረባው ሜላንክቶን ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋግሮ፣ ሐምሌ 4 ቀን ሉተር የአደራ ደብዳቤ ጽፎ ሸኝቶታል፤ ሥርዓታችን ቢለያይም እምነታችን አንድ ነው ብሎ። ጳጳሱ ሮም የማይቀመጥ፣ ቄሱ ሚስት ያለው፣ ምእመኑ ሥጋውንም ደሙንም የሚቀበልበት ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን መኖሩ ለሉተር ትልቅ ምስክር ነበር።

«ሉተር ልክ ነበር ማለት ነው!» አለ ልጁ።

«እኛ ልክ ነበርን በል!» አለች አክስቴ።

አገር ቤት ያኔ የአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ነው፤ በግራኝ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናቱ እየነደዱ ነበር። ይህን ስነግራቸው ሁለቱም ዝም አሉ። ቶናው ተቀዳ።

«ለመሆኑ ምን አበሉት?» አለች አክስቴ። «ሰኔ ጾም አይደለም?»

እውነቷን ነው። የዚያን ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 5 ስለዋለ፣ እንግድነቱ አብዛኛው የሐዋርያት ጾም ላይ ነው የወደቀው። የቀረበለትን ማዕድ የጻፈልን የለም። የሉተር ሚስት ካታሪና ግን ቢራ የምትጠምቅ ባለሙያ እንደነበረች የታወቀ ነው።

«ጠላ ጠማቂ ናታ!» አክስቴ ፊቷ በራ። «እንግዲያው ጾሙን አልፈታም፣ ጥሙንም ቆርጧል።»

በማግስቱ አውቶቡስ ይዘን በዚሁ በ14ኛው ስትሪት ቁልቁል ወረድን። ቶማስ ሰርክል ስንደርስ፣ እ.ኤ.አ. ከ1884 ጀምሮ እዚያ የቆመውን የሉተር ሐውልት በመስኮት አሳየኋት፤ በተዘጋ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጡጫውን አሳርፎ ቆሟል። አክስቴ ጥቂት አየችውና ነጠላዋን አስተካክላ አንገቷን ሰበር አደረገች።

የአጎቴ ልጅ በድል ሲስቅ ዞር ብላ፣ «ለሱ መሰለህ? ለሚስቱ ነው» አለችው።