«ሰነድ ያነባል» ብሎ ማለፍ አይበቃም

ሰነድ የሚያነቡ፣ የሚያጠቃልሉና የሚያርሙ የኤአይ ኤጀንቶችን የሚሠሩ ወጣቶቻችን እየበዙ ነው። ከልብ ያስደስተኛል። ሥራቸውን ሳይ ግን ደጋግሞ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፤ ኮዱ ላይ ብዙ ይደከማል፣ የቱሉ መግለጫ ግን በአንድ መስመር ይታለፋል።

ኤጀንት ማለት በአጭሩ ቱል የተሰጠው የቋንቋ ሞዴል ነው። ሞዴሉ ብቻውን ፋይል መክፈት አይችልም፤ ስለዚህ የሚከፍት፣ የሚፈልግ፣ የሚያርም ቱል ሠርተን እንሰጠዋለን። ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በ2023 ይህን አሠራር ለገንቢዎች ከከፈተ፣ አንትሮፒክም በ2024 መጨረሻ ኤምሲፒ የተባለውን ፕሮቶኮል ካወጣ ወዲህ መልኩ ተቀራራቢ ሆኗል፦ ስም፣ መግለጫ፣ የሚቀበላቸው ግብአቶች። ሞዴሉ ከቱሉ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ሌሊቱን ያደራችሁበት ኮድ ለእሱ የለም።

እስቲ «ሰነድ ያነባል» የሚለውን መግለጫ እንየው። አንድ ሰው ስካን የተደረገ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይልካል። ፋይሉ ፒዲኤፍ ነው፤ ውስጡ ያለው ግን የወረቀት ፎቶ እንጂ ፊደል አይደለም። ጽሑፍ አውጪው ቱል ምንም ስለማያገኝ ባዶ ይመልሳል። ሞዴሉም በሙሉ ልብ «የላኩት ሰነድ ባዶ ነው» ይላል፤ ይባስ ሲልም ከፋይሉ ስም ተነሥቶ ይዘቱን ይገምታል። ሰውየው ይግባኝ የሚጠይቅበት ቀን እያለቀበት ሊሆን ይችላል። በሞዴሉ መፍረድ ይቀላል፤ ግን ባዶ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ የነገረው የለም።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ከፒዲኤፍ ውስጥ ጽሑፍ ያወጣል። የሚሠራው በኮምፒውተር ተጽፈው በቀጥታ ፒዲኤፍ ለሆኑ ሰነዶች ነው። ስካን ለተደረገ ገጽ ባዶ ይመልሳል፤ ይህ ማለት ገጹ ምንም አልያዘም ማለት አይደለም፤ ያኔ የምስል አንባቢውን ቱል ተጠቀም። የገጽ ቁጥር ከ1 ይጀምራል። ፋይሉን አይለውጥም።»

ከእነዚህ ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ቱሉ የማይችለውን የሚናገሩት ናቸው። የሚችለውን ሞዴሉ ከስሙም ሊገምት ይችላል፤ ድንበሩን ግን ካልተነገረው ከየትም አያገኘውም። የገጽ ቁጥሯም ቀላል አይደለችም፤ ከ0 የሚቆጥር ቱል ለ«ገጽ 5» ስድስተኛውን ገጽ ያመጣል፣ ማንም ሳያስተውለውም ያልፋል።

የአማርኛ ሰነድ ላይ ስንደርስ ጉዳዩ ይከብዳል። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ መሥሪያ ቤቶቻችን የጻፉት የፊደላችንን ቅርጽ በላቲን ኮድ ላይ ባስቀመጡ ፎንቶች ነበር። እንዲህ ያለው ሰነድ በስክሪን ላይ ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ ጽሑፉ ሲወጣ ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። መግለጫው ይህን ካልጠቀሰ ሞዴሉ ፋይሉ የተበላሸ ይመስለዋል።

ነጋሪት ጋዜጣንም ውሰዱ። አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን በዓምድ ይታተማሉ። ገጹን ከዳር እስከ ዳር በመስመር የሚያነብ ቱል የአማርኛውን ግማሽ ዐረፍተ ነገር ከእንግሊዝኛው ግማሽ ጋር ይሰፋል። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት ሁለቱ ሲለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ስለዚህ ቱሉ ዓምዶቹን ይለይ እንደሆነ፣ የትኛውን እንደሚመልስ መጻፍ ግዴታ ነው እላለሁ።

ፍለጋም አለ። «ሥራ» ተብሎ ሲፈለግ «ስራ» የተጻፈበትን ውል ያገኛል ወይስ አያገኝም? ፀሐይና ጸሀይስ? ቱሉ ፊደላቱን አንድ አድርጎ የማይፈልግ ከሆነ በግልጽ ይጻፍለት፤ ሞዴሉ ሁለቱንም አጻጻፍ ራሱ ይሞክራል። ብዙዎቹ ሞዴሎች ይህን የሚችሉ ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸው ማወቅ ብቻ ነው።

«ቀን» የሚል ግብአት ደግሞ ብቻውን እንዳይቀመጥ። «በ2017 የተፈረመ» ሲባል በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጆቹ? ሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አለው።

ሰነድ የሚቀይር ቱል ሲሆን ጥንቃቄው ከሁሉም ይበልጣል። «ሰነድ ያስተካክላል» ማለት ዋናውን ፋይል ይደመስሳል ወይስ ቅጂ ያወጣል? የቀድሞውን መመለስ ይቻላል? ይህን ያልተነገረው ኤጀንት አንድ ቃል አርም ቢባል በዋናው ሰነድ ላይ ደርቦ ሊጽፍ ይችላል።

መግለጫ ይንዛዛ ማለቴ አይደለም። ሞዴሉ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉንም መግለጫዎች በየጥሪው ስለሚያነብ እያንዳንዱ ቃል ዋጋ ያስከፍላል። ከላይ የጻፍኩት አጭር ነው፤ ይበቃልም።

ቱል የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። መግለጫችሁን ብቻ፣ ኮዱን ሳታሳዩ፣ ሥራውን ለማያውቅ ባልደረባ ስጡት። ስካን የተደረገ ገጽ ቢመጣ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁት። መልሶ እናንተን ከጠየቀ፣ የምትሰጡት መልስ መግለጫው ውስጥ የጎደለው ነው፤ ጨምሩት። ለነጋሪት ጋዜጣ ወይም ለድሮ ፎንት ሰነዶች የጻፋችሁት መግለጫ ያላችሁ ደግሞ ከዚህ ሥር አስቀምጡልን፤ ሌላውም ይጠቀምበት።