የእህቴ የአንድ ወር ላብ



ሥራዬ መምህርነት ነው፤ ደሴ ከተማ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ዕድሜዬ ሠላሳ አምስትን አልፏል። ያደግሁት ጧት ቁርኣን ቤት፣ ረፋዱን አስኳላ፣ ማታ ደግሞ ኪታብ እየቀራሁ ነው። ብዙ ወጣቶች «ሁለቱን ትምህርት አጣምሮ መያዝ ይቻላል ወይ? ከዚህስ በኋላ አዲስ ሙያ መጀመር ይሆናል ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ስለዚህ በኮምፒዩተር ኔትወርክ ሙያ የምስክር ወረቀት ለማግኘት ያየሁትን ውጣ ውረድ፣ ያፈርኩበትንም ሳልደብቅ ላጫውታችሁ።

ነገሩ የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ነው። የትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክፍል ኔትወርክ በተበላሸ ቁጥር ባለሙያ ከውጭ ይጠራል። ሰውየው ከአንድ ሰዓት ላልበለጠ ሥራ የሚቀበለው ገንዘብ የእኔን የሳምንት ደመወዝ ያህል ነበር። አንድ ቀን አጠገቡ ቆሜ የኬብሉን ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች በየቀለማቸው ደርድሮ ጫፉ ላይ ሲያስራቸው አየሁና «ይህን የት ተማርከው?» አልኩት። ሲ.ሲ.ኤን.ኤ የሚባለውን ነገረኝ። ይህ የሲስኮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የሚሰጠው የኔትወርክ ባለሙያነት ምስክር ወረቀት ነው። ፈተናው 120 ደቂቃ ይፈጃል፤ የፈተናው ክፍያ ብቻ 300 ዶላር ነው፤ ወረቀቱም የሚያገለግለው ለሦስት ዓመት ሲሆን ከዚያ መታደስ አለበት።

ትምህርቱን የያዝኩት በመድረሳ ሥርዓት ነው። ከሱብሕ ሶላት በኋላ አንድ ሰዓት አጠናለሁ፤ መጀመሪያ የትናንቱን፣ ቀጥሎ ያለፈውን ሳምንት፣ በመጨረሻ አዲሱን። በልጅነቴ ሉሕ ላይ ጽፌ፣ ሸምድጄ፣ አጥቤ እንደገና እጽፍ እንደነበረው ሁሉ የቁጥሩን ሰንጠረዥ በትንሽ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ አጠፋ ነበር። ራውተርና ስዊች መግዛት ለማይችል ሰው ደግሞ ፓኬት ትሬሰር የሚባል፣ ሲስኮ ለተማሪዎች በነፃ የሚሰጠው ፕሮግራም አለ፤ መሣሪያዎቹን በኮምፒዩተር ላይ እያስመሰለ ያለማምዳል።

ብዙዎችን የሚያስጨንቀው የአድራሻ ክፍፍል ነው። እኔን ግን የረዳኝ ከሸኻችን ዘንድ የቀራሁት ፈራኢድ፣ ማለትም የውርስ ትምህርት ነው። ሟች ሚስት፣ እናትና ልጆች ቢተው፣ ሀብቱን በ24 ድርሻ አስበን ለሚስት 3፣ ለእናት 4 እንሰጥና የቀረው 17 ለልጆቹ ይሆናል። ከክፍፍሉ በፊት ግን ዕዳና ኑዛዜ ይወጣል። በኔትወርክም 256 አድራሻ ቢኖረንና ለ50 ኮምፒዩተሮች የሚሆን ክፍል ብንፈልግ፣ 64 አድራሻ እንቆርጣለን። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ግን ለማንም አይሰጡም፤ አንዱ የክፍሉ መጠሪያ፣ ሌላው ለሁሉም በአንድ ጊዜ መልእክት ማስተላለፊያ ነው። ለመሣሪያ የሚታደለው 62 ይሆናል ማለት ነው። ይህ ዝምድና እንግዳ ሊመስላችሁ አይገባም። በዘጠነኛው ምእተ ዓመት ባግዳድ የኖረው አል-ኸዋሪዝሚ ስለ አልጀብራ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ሰፊውን ቦታ የያዘው የውርስ ስሌት ነው፤ ዛሬ የኮምፒዩተር ሰዎች «አልጎሪዝም» የሚሉትም ከእርሱ ስም የመጣ ነው።

የፈተናውን ገንዘብ ለማግኘት እቁብ ገባሁ። ያኔ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር 17 ሺህ ብር አካባቢ ይበቃኛል ብዬ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እቁቤ ሲደርሰኝ የፈተናውን ግማሽ እንኳ በቅጡ የሚሸፍን አልሆነም። ይህን የሰማችው ጅዳ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ታናሽ እህቴ ናት። «ወንድምዬ፣ አታስብ» አለችኝና በምታውቀው ሰው ካርድ ከፈለችልኝ። 300 ዶላር 1,125 ሪያል ነው፤ የእርሷ የወር ደመወዝ ደግሞ 1,000 ሪያል ነበር።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄጄ ተፈተንኩ፤ ወደቅሁ። ፈተናው አንድ ጥያቄ ካለፉ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ አይፈቅድም። እኔ ደግሞ ገና መጀመሪያ ላይ አንድ ስሌት ይዤ ደቂቃዎች አባከንኩ። ውጤቱን የሚያሳየው ወረቀት ድክመቴን በየርእሱ ከፋፍሎ ነገረኝ፤ ከሁሉ የባሰብኝ መልእክት ከኔትወርክ ወደ ኔትወርክ የሚሻገርበት ክፍል ነበር። ይህ ክፍል ከፈተናው 25 በመቶውን ይይዛል። አንብቤው ነበር፤ በእጄ ግን ደጋግሜ አልሠራሁትም። ያን ቀን በአውቶቡስ ወደ ደሴ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ስለ ራሴ አልነበረም፤ ስለዚያች የአንድ ወር ላቧን በሁለት ሰዓት ስላጠፋሁባት ልጅ ነበር። እርሷ ግን ስደውልላት «ደግሞ ሞክር፣ እኔ እከፍላለሁ» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት አንድ የማውቀው ሰው ፋይል ላከልኝ። ከፈተናው ክፍል ተሰርቀው የወጡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ናቸው። «ሁሉም በዚህ ነው የሚያልፈው፤ የእህትህን ገንዘብ ሁለተኛ ልታቃጥል ነው?» አለኝ። እውነቱን ልናገርና ፋይሉን ከፈትኩት። ሦስት ጥያቄ አነበብኩ። በልቤም «ይህ ለእህቴ ማዘን ነው» እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ሸይጣን ሰውን ሁልጊዜ በክፉ ሐሳብ በኩል ብቻ አይመጣም፤ በርኅራኄ በር የሚገባበትም ጊዜ አለ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ባለፈው ወር በኩረጃ የያዝከው ልጅ፣ ዜሮ የሰጠኸው ለምን ነበር?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ተፈታኝ ፈተናውን ከመጀመሩ በፊት ጥያቄዎቹን ላያወጣና ላያጭበረብር በውል ይስማማል። እኔም ኅዳር ላይ ያንን ውል ተቀብዬ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለሚያታልል ሰው የተናገሩትን ገና በልጅነቴ የተማርኩ፣ ለሌሎችም ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በዚያ ወረቀት ሥራ ባገኝስ በየወሩ ለልጆቼ የማበላው ምንድን ነው? ፋይሉን አጠፋሁ።

ለእህቴም ደውዬ «የአሁኑ ስጦታ አይደለም፣ ቀርድ ነው» አልኳት። መጠኑንና የምከፍልበትን ጊዜ ጻፍን፤ ባለቤቴና አጎቴ መሰከሩ። በእርሷ ፈቃድ በየወሩ ለእናታችን እየሰጠሁ እከፍል ጀመር። ቀጥሎ ለአራት ወራት መጽሐፉን ዘግቼ በፓኬት ትሬሰር ላይ ኔትወርክ እየሠራሁ፣ ሆን ብዬ እያበላሸሁ፣ እንደገና እያቃናሁ ተለማመድኩ። የትምህርት ቤታችንንም የኮምፒዩተር ክፍል ርእሰ መምህሩን አስፈቅጄ በነፃ አስተካከልኩ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ተፈትኜ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አለፍኩ።

ወረቀቱ ወዲያው በር አልከፈተልኝም። ሦስት ቦታ «የሥራ ልምድ የለህም» ብለው መለሱኝ። በአራተኛው ጠያቂው «አንድ ኮምፒዩተር ከጎረቤቱ ጋር ይገናኛል፣ ወደ ውጭ ግን አይወጣም። መጀመሪያ ምን ታያለህ?» አለኝ። «የመውጫ በሩን አድራሻ» አልኩት። ይህ ብልሽት በትምህርት ቤታችን ሁለት ጊዜ አጋጥሞኝ በገዛ እጄ ያስተካከልኩት ነበርና ከዚያ በኋላ የጠየቀኝን ሁሉ በዝርዝር አስረዳሁት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ እዚያ እሠራለሁ፤ ጧት ጧት ማስተማሬን አልተውኩም። ገቢዬ እጅግ የሚያስደንቅ ሆኖ ሳይሆን፣ የእህቴን ዕዳ ጨርሼ ለመክፈል አብቅቶኛል።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን መንገድ የምታስቡ ካላችሁ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ቢያንስ ስድስት ወር በእጃችሁ ተለማመዱ፤ የፈተናውን ክፍያም ዝግጁ መሆናችሁን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ። ወላጆችም ልጆቻችሁ ቁርኣን ቤት መዋላቸው ከዘመኑ ዕውቀት ያስቀራቸዋል ብላችሁ አትስጉ፤ ሉሕ ላይ የለመዱት ትዕግሥት ከኮምፒዩተር ፊትም ያገለግላል። ከሁሉም በላይ በሰው ላብ የምትማሩ ሁሉ፣ ላቡን የምትመልሱት በንጹሕ ዕውቀት እንጂ በተሰረቀ ወረቀት አይሁን።

አላህ (ሱ.ወ) ጠቃሚ ዕውቀትና ሐላል ሪዝቅ ይለግሰን፤ በስደት ያሉ እህቶቻችንንም በሰላም ለቤታቸው ያብቃልን። አሚን።

ወስሰላሙ ዐለይኩም።