የባሕር ሰዓት በይፋት ቆላ

ቀድሞ የነበረውን ዕቃ፥ ካረጀና ከተረሳ በኋላ፥ መልኩን ሳይለውጡ እንደ ገና መሥራት በዛሬው ዘመን በሰዓት ሠሪዎች ዘንድ ታላቅ ንግድ ሆኗል። ይልቁንም ከ60 ወይም ከ70 ዓመት በፊት ለባሕር ጠላቂዎች የተሠራው የእጅ ሰዓት በብዙ ይፈለጋል። ባሕር በሌለበት በሸዋ ሮቢት ተቀምጦ ስለ ባሕር ሰዓት መጻፍ የሚያስቀው አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን ጕዳዩ እስከ ቤተ ዘመዳችን ደርሶ በወንድምና በእኅት መካከል ክርክር ስላስነሣ፥ አስተያየቴን በጽሑፍ ማኖር መልካም መስሎ ታየኝ።

አስቀድሞ የነገሩን መነሻ እናስታውስ። የውጭ አገሩን ዘመን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። በ1953 የስዊስ ሰዓት ሠሪ ብላንፓን፥ የፈረንሳይ ጠላቂ ወታደሮች አለቆች የነበሩት ሮቤር ማሉቢዬና ክሎድ ሪፎ የተቀበሉትን «ፊፍቲ ፋተምስ» የተባለ ሰዓት አወጣ፤ ስሙ በባሕረኞች መለኪያ 91 ሜትር ያህል ጥልቀትን ያመለክታል። በዚያው ዘመን ሮሌክስም የራሱን ሠራ። በ1956 ዣክ ኩስቶ፥ ከፊሉ በቀይ ባሕር የተነሣውን የባሕር ውስጥ ፊልሙን ሲያሳይ፥ ጠላቂነትና የጠላቂ ሰዓት በዓለም ሁሉ ታወቁ። በ1965 ደግሞ የጃፓኑ ሴኮ እስከ 150 ሜትር የሚጠልቀውን የመጀመሪያ ሰዓቱን ለገበያ አቀረበ።

የዚህ ሰዓት ጥበቡ በዙሪያው በሚዞረው ቀለበት ላይ ነው። ጠላቂው አየሩን በጀርባው ተሸክሞ ሲወርድ የቀለበቱን ምልክት በደቂቃው ጠቋሚ ትይዩ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ ሳያሰላ ያነብባል። ሒሳብ ቢሳሳት ነፍሱ ትጠፋለችና። በኋለኛው ዘመን ቀለበቱ ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዲዞር ተደረገ፤ ድንገት ቢነካ የቀረውን ጊዜ ያሳጥራል እንጂ አያስረዝምም። ይህ በእውነት የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው።

ነገር ግን በ1969 ሴኮ በባትሪ የሚሠራውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት አወጣ፤ ከ1980ዎቹ ወዲህም ጠላቂዎች ጥልቀቱንና ጊዜውን አስልቶ የሚነግራቸውን ኮምፒዩተር ማሰር ጀመሩ። እንግዲህ በሞላ የሚሄደው የጠላቂ ሰዓት ሥራ ፈትቶ ሳለ ነው እንደ ገና የተፈለገው። ሴኮ በ2017 የ1965ቱን መልክ መልሶ በ2,000 ቊጥር ብቻ ወስኖ ሠራው፤ ሌሎቹም እንዲሁ አደረጉ። ከገዢዎቹ አብዛኞቹ ከመታጠቢያ ቤታቸው የጠለቀ ውሃ አይገቡም ብል ሐሜት አይሆንብኝም።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ኢትዮጵያ በ1955 የባሕር ኀይል አቋቁማ መደበኛ ሰፈሩን በምጽዋ ካደረገች በኋላ፥ ከየአውራጃው ብዙ ወጣት ወደዚያ ወርዷል። የአባቴ ታናሽ ወንድም አንዱ ነበሩ። ወደ አገራቸው የተመለሱት በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ነው፤ ከባሕር ያተረፉት በክንዳቸው ያለውን የጠላቂ ሰዓት ብቻ ነበር። የሠሪውን ስም መጥራት አያስፈልገኝም።

አጎቴ በሮቢ ወንዝ አጠገብ ሽንኩርት ተከሉ። በቆላው አገራችን ፀሐዩ ብርቱ ስለ ሆነ ከመሬት ይልቅ የሚያጣላው ውሃ ነው፤ የቦዩ ውሃ ለእያንዳንዱ በተራ፥ ሌሊትም ቢሆን፥ ይለቀቅለታል። የውሃ አባት ሆነው በተመረጡ ጊዜ ያን ቀለበት ለተራው መቊጠሪያ አደረጉት። የመርከባቸው ሰዓት በውጭ አቈጣጠር ነበርና፥ ይፋት ሲገቡ ጠቋሚውን በ6 ሰዓት መልሰው እንደ ልማዳችን ከንጋት ቆጠሩ፤ ቀለበቱ ግን ይህን ለውጥ አላወቀም፤ 40 ደቂቃ በምጽዋም በሮቢም 40 ደቂቃ ነው። አባቶቻችን ጥላቸውን በጫማ እየሰፈሩ ቀኑን ይከፍሉት ነበር፤ ለሌሊት ግን ጥላ የለም። በጨለማ የሚያበራው ገጽ ስንት ጠብ እንዳስቀረ የቦዩ ጎረቤቶች ይመሰክራሉ።

አጎቴ ካረፉ በኋላ እርሻውንም ሰዓቱንም የያዘችው ሴት ልጃቸው ናት። ወንድሟ በአሜሪካ ይኖራል። ባለፈው ዓመት ያባቱን ሰዓት የመሰለ፥ በቅርብ የተሠራ አዲስ ሰዓት ገዝቶ ላከና፥ «አንቺ የሚሠራውን ያዢ፤ ያባቴን ለእኔ ስጪኝ» አላት። እርስዋም ወደ እኔ መጥታ፥ «የኔታ፥ አዲሱ ደግ ነው፤ ነገር ግን ጎረቤቶቼ የሚያምኑት አሮጌውን ነው» አለችኝ። ሁለቱም ፍረድልን አሉ።

አዲሱን ተቀብዬ በብዙ መረመርሁት። መስታወቱ የማይጫር፥ አካሉ ውሃ የማያስገባ፥ አረማመዱም የቀና ነው። አንድ ነገር ግን አስቀየመኝ፤ በገጹ ላይ ያሉት ነጥቦች የዛገ ቅቤ መስለው ቢጫ ሆነዋል። በቀድሞዎቹ ሰዓቶች ላይ ለብርሃን ይቀባ የነበረው ራዲየም ነበር፤ በ1920ዎቹ በአሜሪካ ብሩሹን በከንፈራቸው እያሾሉ ይቀቡ የነበሩትን ሴቶች አሳምሞ ገድሏቸዋል። ያ ቀለም በዘመን ብዛት ይጠወልጋል። የዛሬው ቀለም ጕዳት የሌለው ሲሆን፥ አንዳንድ ሠሪዎች ያረጀ እንዲመስል ከመጀመሪያው ቢጫ አድርገው ይቀቡታል።

እኛ የብራና ልጆች መገልበጥን አንነቅፍም፤ የምናነብበው መጽሐፍ ሁሉ ግልባጭ ነውና። ነገር ግን ቁም ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ ቀለሙ ጥቁር፥ ብራናው ነጭ ነው፤ በመጨረሻውም የራሱንና የአስጻፊውን ስም አስገብቶ ጸሎት ይለምናል። ለጎብኚ የሚሸጠውን አዲስ ክታብ በጭስ አጥኖ፥ በአፈር አሽቶ ጥንታዊ ነው የሚል ሰው ግን ጸሐፊ አይባልም። በቅኔ ቤት ደግሞ ከዚህ የጠበቀ ሥርዓት አለ። መወድስ 8 ቤት ነው፤ ልኩን ያፈረሰ ተማሪ ይነቀፋል፤ ያንኑ ልክ ጠብቆ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ያመጣም ያፍራል። ልኩ የአባቶች፥ ቃሉ የራሱ መሆን አለበት። የታደሰው ሰዓት በልኩ የቀድሞውን ይዞ በውስጡ የተሻለ ሞላና የተሻለ መስታወት ሲያገባ የቅኔውን መንገድ ተከትሏል፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። በተቀባው ቢጫ ግን የክታብ ነጋዴውን መንገድ ተከተለ።

ፍርዱን ስሰጥ ልቤ ወደ አሮጌው ማዘንበሉን አልሸሽግም፤ በአጎቴ ክንድ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቸዋለሁ። ነገር ግን ባለፈው በጋ በላብና በእርጥበት ምክንያት ሁለት ጊዜ በተራ መካከል ቆሟል፤ አንድ ጊዜም የባልቴት ተራ ተቈርጧል። ውሃ የሚያካፍል ሰዓት ከቆመ ድኻ ይበደላል። ስለዚህ አዲሱ በቦዩ ዳር ይቅር፤ አሮጌው ወደ ወንድሟ ይሂድ፤ ገጹን ግን አያስቀባው አልሁ። እኅቲቱ ሦስት ቀን ዝም ብላ በአራተኛው እሺ አለች።

በከተማችን ያለው ሰዓት ሠሪ በአዲሱ ጀርባ ላይ ስሟንና 2017 ዓ.ም. የሚለውን በመርፌ ቀረጸላት። በገና ጦም ሰሞን ከቦዩ ስትመለስ አግኝቻት ሰዓቱን አሳይኝ ብላት፥ ቀለበቱ በመቈፈሪያ ተመትቶ ከ40 ቊጥር አጠገብ ተጭሯል፤ በማሰሪያው ቀዳዳም የሮቢ ጭቃ ደርቆበታል።