ሙሉ ልብስ ሲለያይ

እናቴ የክት ልብሷን ከቁም ሳጥን የምታወጣበት ቀን የታወቀ ነበር፤ እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ጥምቀት፣ የዘመድ ሰርግ። ቀሚሱ፣ ነጠላውና መቀነቱ በአንድ ነጭ አንሶላ ተጠቅልለው፣ ብል እንዳይበላቸው ከምታስቀምጠው ክኒን ጋር ከላይኛው መደርደሪያ ይወርዳሉ። ሲመሽ ታጥፈው እዚያው ይመለሳሉ። ነጠላውን ከሌላ ቀሚስ ጋር ለብሳ አይቻት አላውቅም። የአባቴም ሱፍ እንደዚያው ነው። መርካቶ ጨርቁ በሜትር ተገዝቶ፣ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሁለት ጊዜ ተለክቶ የተሰፋ ነው፤ ኮቱ ከራሱ ሱሪ ውጪ ወጥቶ አያውቅም። ስሙስ «ሙሉ ልብስ» አይደል? አንዱ ብቻውን ከወጣ ጎደሎ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ልማድ ይዤ ነው ቨርጂኒያ የገባሁት። በመጀመሪያው ዓመት ከደመወዜ ቆጥቤ አራት ሙሉ ልብስ ገዛሁ፤ አንዱ ወይን ጠጅ ሹራብ ከነሱሪው፣ አንዱ አበባ የበዛበት ሸሚዝ ከነጉርዱ ነበር። ሁሉንም እንደ እናቴ ጥንድ ጥንዱን በአንድ መስቀያ ሰቀልኳቸው። ቁም ሳጥኑን ከእህቴ ጋር ስለምጋራ ቦታ አልነበረም፤ እንዲያም ሆኖ ጠዋት ጠዋት የምለብሰው አጣለሁ። ወይን ጠጁን ሰኞ ከለበስኩት እስከሚቀጥለው ሳምንት አይነካም፣ ሰው ያስታውሰዋላ። የአበባው ደግሞ ብርድ ሲመጣ ስድስት ወር ተሰቅሎ ይከርማል።

ክፍሉን ያከራዩን እናት አንድ ቀን ልብሴን ሳጣጥፍ አይተው፣ «ልጄ፣ ይሄን ሱሪ ምን አድርጎሽ ነው ያሰርሽው?» አሉኝ። «ሹራቡ ሥራ ይሂድ፣ ሱሪው ገበያ ይውጣ። እሑድ ይገናኛሉ።» ሠላሳ ዓመት እዚህ የኖሩ ሴት ናቸው። ያን ማታ መስቀያዎቹን ሁሉ ለየኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ሙሉ ልብስ ስገዛ የማየው ግማሾቹን ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ቤት ካለኝ ልብስ ቢያንስ ከሦስቱ ጋር ካልሄደልኝ አልገዛውም። ጥቁር ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ቡናማና ክሬም ከብዙ ነገር ጋር ይስማማሉ። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አበባ ወይም ትልልቅ መስመር ያለበት ግን ሲለያይ ጓደኛው የጠፋበት ይመስላል። የሚያብለጨልጭ ጨርቅም እንዲሁ ነው፤ ሱፍ፣ ጥጥና ሊነን ይሻላሉ። ላይና ታቹን በተለያየ ቁጥር የሚሸጡ ሱቆችም አሉ። እንደ እኔ ትከሻዋ ጠባብ፣ ዳሌዋ ሰፊ ለሆነች ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አገር ቤት ሰፊው በሜትሩ የሚሠራልንን እዚህ ራሳችን መፈለግ አለብን።

አጠባው ላይ ግን ለየብቻ ማለት አይሠራም። አንዱን ብቻ ለብሼም ቢሆን ሁለቱን አብሬ አጥባለሁ። ሱሪው አሥር ጊዜ ታጥቦ ኮቱ ሁለቴ ከታጠበ፣ እንደገና አብረው ሲለበሱ ቀለማቸው ይለያያል። ሱሪ ደግሞ ከኮት ቀድሞ ያልቃል፤ መቀመጫውና ጉልበቱ ይሳሳል። አባቴ ለሰፊው «ኮቱ አንድ፣ ሱሪው ሁለት» ብሎ ያዝዝ የነበረው ለምን እንደሆነ የገባኝ እዚህ ነው።

የሐበሻ ልብሱ ሌላ ነገር አስተማረኝ። ነጠላዬን ሳላስብ ከሌላ ልብስ ጋር ማሽን ውስጥ ከተትኩት። ሳወጣው የጥለቱ አረንጓዴ ወደ ነጩ ፈስሶ፣ ዘርፉ እንደ ተበተነ ፀጉር ተጠላልፎ ነበር። ሽሮ ሜዳ ያለችው ሌላዋ እህቴ ያንኑ ጥለት ብትፈልግ አጣችው። ለካስ ጥለት በኋላ የሚሰፋ ጌጥ አይደለም፤ ሸማኔው ድርና ማጉን ሲያገናኝ በእጁ እያስገባ የሚሠራው ነው። ለቀሚሱና ለነጠላው በአንድ ትእዛዝ፣ በአንድ እጅ፣ ከአንድ ክር ይወጣል። ክሩ ካለቀ ያው ቀለም ዳግም ላይገኝ ይችላል። እናቴ ሦስቱን በአንድ አንሶላ ስትጠቀልል ምክንያት ነበራት፤ አንዱ ቢበላሽ ምትክ የለውም።

ግን እኮ ነጠላ ራሱ ስንት ሥራ አለው! ያው አንድ ጨርቅ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ በመስቀልኛ ይጣፋል፣ ለቅሶ ቤት ይዘቀዘቃል፣ እንግዳ ሲስተናገድ ወገብ ላይ ይታሰራል፣ ፀሐይ ሲከር ራስ ላይ ይጣላል። እናቴም የአዘቦት ነጠላዋን እንዲህ ነበር የምታደርገው። የክቱን ብቻ ነው ያሰረችው።

ስለዚህ አሁን አገር ቤት ስልክ ደውዬ የሐበሻ ልብስ ሳዝዝ ቀሚሱ አንድ ወጥ አይሁን፤ ሸሚዝና ጉርድ ሆኖ ይሰፋልኝ እላለሁ። የነጠላው ጥለት ጠበብ ያለ፣ ከሁለት ቀለም ያልበለጠ ይሁን፤ ከሌላ ቀሚስ ጋርም ይሄዳል። የፈትሉን ሸሚዝ በጂንስ ሱሪ ለብሼ ሥራ ገብቻለሁ። ጉርዱን በጥቁር ሹራብ ለብሼ ልደት ሄጃለሁ። ነጩን በእጄ፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ለብቻው ነው የማጥበው፤ ማድረቂያ ማሽን አያየውም።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ሲባል እሰማ ነበር። ዘንድሮ ጥር 11 ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ጉርዱን ከወፍራም ታይት በላይ፣ ሹራብ ደርቤ፣ ነጠላውን ከካፖርቱ በላይ አጣፍቼ ታቦቱን ሸኘሁ። ፎቶውን ለእናቴ ላክሁላት። ደወለችልኝና መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ «መቀነቱስ?» ብላ ነበር።

«እህቴ ታጥቃዋለች» አልኳት። «በእሷ ቀሚስ ላይ።»

ትንሽ ዝም አለችና፣ «እስኪ የእሷንም ፎቶ ላኪልኝ» አለች።