መብራቱን ማን ይጠብቃል?

ዛሬ ብዙዎቻችሁ ስሟን ሰምታችሁ ወደማታውቋት አንዲት ከተማ ልወስዳችሁ እወዳለሁ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ የምንነጋገርበትም ጉዳይ ከባድ ነው። ነገር ግን በትዳር ያላችሁ፣ ልጆች የምታሳድጉ፣ በየጉባኤው ወጣቶችን የምታገለግሉ ሁሉ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ እንድትዘልቁ እለምናችኋለሁ።

መኪና የማይደርስባት ከተማ

ከካናዳ ዋና ከተማ ከኦታዋ ተነስታችሁ ወደ ሰሜን ሦስት ሰዓት ያህል ትበራላችሁ። ወደ መድረሻው ስትቃረቡ በመስኮት ብትመለከቱ ዛፍ የሚባል አይታያችሁም፤ ድንጋይ፣ በረዶና የረጋ ባሕር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በባሕር ዳር የተሰበሰቡ ባለ ቀለም ቤቶች ብቅ ይላሉ። ኢካሉይት ደረሳችሁ ማለት ነው።

ኢካሉይት ማለት በአገሬው ቋንቋ ዓሣ የበዛበት ስፍራ ማለት ነው። ከተማዋ የኑናቩት ግዛት መዲና ስትሆን፣ ግዛቲቱ የተመሠረተችው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 1999 ነው። የኑናቩት ስፋት ወደ 2 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ልትገባባት ጥቂት ነው የሚቀራት። ሕዝቧ ግን 40 ሺህ ያህል ብቻ ነው፤ አብዛኛውም ኢኑዊት የሚባለው ነባር ሕዝብ ነው። የሚኖሩትም በ25 መንደሮችና ከተሞች ተበታትነው ነው። አንዱን ከሌላው የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም። ሰው በአውሮፕላን ይመጣል፣ ከባድ ዕቃ ደግሞ በረዶው በሚቀልጥባቸው ወራት በመርከብ ይገባል።

እኔና ባለቤቴ የሄድነው የፈረንጆች ገና ሊደርስ ሲል ነበር። የእህቱ ልጅ እዚያ ነርስ ሆና ስለምትሠራ ልንጠይቃት ብለን ነው። በዚያ ወቅት ፀሐይዋ በቀን አራት ሰዓት ያህል ብቻ ብቅ ብላ ትመለሳለች።

በመንገድ ላይ ያሉትን ጽሑፎች ሳይ ደነገጥሁ፤ ከሩቅ ፊደላችንን መሰሉኝ! ቀርቤ ሳይ የተለዩ ናቸው፤ አሠራራቸው ግን ይቀራረባል። እኛ ‹‹በ፣ ቡ፣ ቢ›› ስንል የፊደሉን እግርና እጅ እንደምንለውጥ፣ እነርሱም አንዱን ቅርጽ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን እያዞሩ ድምፁን ይለውጣሉ። ይህን አጻጻፍ በ19ኛው መቶ ዘመን ሚስዮናውያን አመጡላቸው፤ በምሥራቁ አርክቲክ ያስፋፋው ኤድመንድ ፔክ የሚባል የአንግሊካን አገልጋይ ነው። በከተማይቱ መካከል ደግሞ በበረዶ ቤት ቅርጽ የተሠራ የቅዱስ ይሁዳ ካቴድራል ቆሟል። የቀድሞው እ.ኤ.አ. በ2005 ሰው በለኮሰው እሳት ተቃጥሎ ነበር። አዲሱ በ2012 ሲመረቅ ምእመናኑ ሌላም ደስታ ነበራቸው። የኢኑዊት አገልጋዮች ራሳቸው ከ30 ዓመት በላይ የደከሙበት ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በዚያው ጊዜ በቋንቋቸው እጃቸው ገባ።

ጨለማው አይደለም

እንግዲህ ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በኑናቩት ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች ቁጥር ለብዙ ዓመታት ከካናዳ አማካይ 10 እጥፍ ገደማ ሆኖ ኖሯል። ከሁሉ የሚበዙት ወጣት ወንዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ብቻ 45 ሰዎች በዚህ መንገድ አልፈዋል፤ ያን ጊዜ የግዛቲቱ ሕዝብ 35 ሺህ ያህል ነበር። ሁሉ በሚተዋወቅበት መንደር ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሐዘን ያልገባበት ቤት አይገኝም። በ2015 ጉዳዩ በይፋ ከተመረመረ በኋላ የግዛቲቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ነገሩን የሕዝብ ቀውስ ብለው አወጁ።

እኔም እንደ ብዙ እንግዳ ‹‹ይህ ጨለማና ይህ ብርድ ሰውን ተስፋ ቢያስቆርጥ ምን ይደንቃል?›› አልሁ። ነርሷ ልጃችን ግን ‹‹እናቴ፣ አያቶቻቸውም በዚሁ ጨለማ ነው የኖሩት›› አለችኝ። እውነቷን ነው። በእነዚያ አያቶች ዘመን ወጣት ራሱን አጠፋ ሲባል መስማት ብርቅ ነበር። ነገሩ የበረታው ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። ታዲያ በመካከል ምን ተፈጠረ?

የተበጠሰው ገመድ

ኢኑዊት ካሪቡ የሚባለውን የበረዶ አጋዘን፣ የባሕር እንስሳትንና ዓሣን እያደኑ፣ በውሾች በሚጎተት ሸርተቴ እየተጓዙ በቤተሰብ በቤተሰብ ይኖሩ ነበር። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ መንግሥት ወደ ቋሚ መንደሮች ሰበሰባቸው። የሸርተቴ ውሾቻቸው ብዙዎቹ ተገደሉ፤ አባት ውሻውን ሲያጣ ማደኛውንና ልጁን የሚያስተምርበትን ሥራ አብሮ አጣ። የሳንባ ነቀርሳ የያዛቸው በመርከብ ወደ ደቡብ ተወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1956 ከሰባት ኢኑዊት አንዱ ያህል በደቡብ ሆስፒታሎች ተኝቶ ነበር። ከእነዚያ መካከል ያልተመለሱ አሉ፤ ቤተሰቦቻቸውም መቃብራቸውን ሳያውቁ ዘመናት አለፉ።

ልጆችም ከወላጆቻቸው ተለይተው ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተወሰዱ። በዚያ በቋንቋቸው እንዳይናገሩ ተከለከሉ፤ ብዙዎቹም ተደበደቡ፣ ክብራቸውን ተደፈሩ። ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ አንገታችንን ልንደፋ ይገባል። ከእነዚያ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹን ያስተዳድሩ የነበሩት የካቶሊክና የአንግሊካን አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ወንጌልን ያመጣላቸው እጅ ልጆቻቸውንም ከእቅፋቸው ወስዷል። የካናዳ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን በ1993 ይቅርታ ጠየቀች፤ የካናዳ መንግሥት ስለ ትምህርት ቤቶቹ በ2008፣ ስለ ሳንባ ነቀርሳውና ስለ ውሾቹ በ2019 ይቅርታ ጠየቀ። የሮማው ፓፓ ፍራንሲስም በ2022 እዚያው ኢካሉይት ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋል።

ፍቅር ሳያይ ያደገ ልጅ ሲወልድ ፍቅርን ከየት አምጥቶ ይስጥ? ቁስሉ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ተላለፈ። በዚህ ላይ የቤት ጥበት፣ የምግብ ውድነትና መጠጥ ተጨመሩበት። ገዳዩ የሰማዩ ጨለማ አልነበረም፤ ሰውን ከሰው ጋር ያሰረው ገመድ መበጠሱ ነው።

መብራቱ እንዴት ይጠበቃል?

አንድ ምሽት በአንድ አዳራሽ በዕድሜ የገፉ እናት ቁሊቅ ሲያበሩ አየን። ቁሊቅ ከድንጋይ የተጠረበ፣ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል መብራት ነው። ነዳጁ የባሕር እንስሳ ስብ ነው፤ ክሩም ከደረቁ የዱር ዕፅዋት ይሠራል። በድሮው የበረዶ ቤት ውስጥ ብርሃኑም፣ ማሞቂያውም፣ ምድጃውም፣ የልብስ ማድረቂያውም እርሱ ነበር። ዛሬም በግዛቲቱ ዓርማ ላይ ተስሏል። ጠባቂዋ የቤቲቱ እናት ናት። እኚህ እናት እያወጉን እንኳ ዓይናቸውን ከመብራቱ አልነቀሉም። በትንሽ ዱላ ክሩን ደጋግመው ያስተካክሉታል፤ ከተዘናጉ ይጨሳል፣ ከዘገዩም ይጠፋል።

የኢኑዊት ሥራም እንዲሁ ሆኖ አገኘሁት። ብሔራዊ ድርጅታቸው በ2016 ራስን ማጥፋትን የመከላከያ ስልት ሲያወጣ ስድስት ዋና ዋና ሥራዎችን ዘርዝሯል። ኑሮን ማስተካከል፣ ባህልን ማስቀጠል፣ የአእምሮ ጤና አገልግሎትን ማዳረስ፣ ያልተፈታ ሐዘንን መፈወስና የራሳቸውን እውቀት ሥራ ላይ ማዋል ይገኙበታል። እኔን የነካኝ ግን ልጆችን ገና ከውልደታቸው ጀምሮ በጤና ማሳደግ የሚለው ነው። መከላከል የሚጀመረው በገደሉ አፋፍ ላይ ሳይሆን በእናት ጀርባ ላይ ነው ማለታቸው ነው!

በክላይድ ሪቨር መንደር ኢሊሳቅሲቪክ የሚባል ማኅበር የአገሬውን ሰዎች በቋንቋቸው የሚያማክሩ አድርጎ ያሠለጥናል፤ ቤተሰቦችንም ሽማግሌ፣ ወላጅና ልጅ አንድ ላይ ሆነው ወደ አደን ምድራቸው ይወስዳል። በኢግሉሊክ በ1998 ወጣቶች በዚህ መንገድ ከሞቱ በኋላ ጓደኞቻቸው የሰርከስ ቡድን አቋቋሙ። በኩግሉክቱክ አንድ መምህር ላክሮስ የሚባል የኳስ ጨዋታ ቡድን መሠረተ፤ ለጨዋታው ሲሉ ልጆቹ ወደ ክፍል መመለስ ጀመሩ፣ በመንደሩም የወጣቶች ሞት ቀነሰ። በኢካሉይትም በ1990 ገደማ በጎ ፈቃደኞች የጭንቅ ጊዜ ስልክ ከፍተው ሌሊት ሌሊት የሰው ድምፅ ሲያዳምጡ ኖረዋል። ሥራቸው አላለቀም፤ ቁጥሩ ዛሬም ያስለቅሳል። ግን ዓይናቸውን ከክሩ ላይ አላነሱም።

እኛስ?

አሁን የራሴን ልናገር። ከዓመታት በፊት እናገለግልበት በነበረ ጉባኤ አንድ ወጣት ቤታችን መጣ። ‹‹ፓስተር አሉ?›› አለኝ። ፊቱ ልክ አልነበረም። እንግዶች ስለነበሩን ‹‹እሁድ ከአምልኮ በኋላ ብታገኘው ይሻላል፣ እንጸልይልሃለን›› ብዬ ሸኘሁት። እሁድ አልመጣም። በለቅሶው ቤት ‹‹በድንገት አረፈ›› ተባለ፤ ሁላችንም የምናውቀውን እያወቅን ዝም አልን። እናቱ አጠገብ ተቀምጬ ዝም አልሁ። የኚያን እናት ዱላ ሳይ ያ በር ትዝ አለኝ።

ወገኖቼ፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16ን እንደገና አንብቡ። የወኅኒው ጠባቂ ራሱን ሊያጠፋ በተነሳ ጊዜ ጳውሎስ ስብከት አልጀመረም፤ ‹‹ኃጢአት ነው›› ብሎም አልገሠጸውም። መጀመሪያ ጮኾ ያሳወቀው ራሱን እንዳይጎዳና እነርሱ ሁሉ አብረውት እንዳሉ ነው። ስለ መዳን የተነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ኤልያስም ሞትን በለመነ ጊዜ (1ኛ ነገሥት 19) እግዚአብሔር እንዲተኛ ፈቀደለት፣ መልአክ ልኮ አበላው፣ በኋላም ኤልሳዕን ጓደኛ አድርጎ ሰጠው። እምነት ያለው ሰው በጭንቀት አይያዝም የምንል ሰዎች ኤልያስን ምን ልንለው ነው?

ስለዚህ ‹‹ሞት ይሻለኛል›› ያላችሁን ሰው ‹‹አይዞህ፣ ጸልይ›› ብላችሁ አትለፉት። ፊት ለፊት ጠይቁት፦ ‹‹ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?›› ብዙዎች ይህን መጠየቅ ሐሳቡን ይዘራበታል ብለው ይፈራሉ፤ የዘርፉ ባለሙያዎች ግን እንዲያውም ሸክሙን እንደሚያቀልለት ይናገራሉ። አዳምጡት፤ ብቻውን አትተዉት፤ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር አርቁለት፤ ወደ ሐኪም ራሳችሁ ይዛችሁት ሂዱ። በካናዳና በአሜሪካ ያላችሁ 988 መደወል ትችላላችሁ። ጸሎትም ሕክምናም ከአንዱ ጌታ እጅ የተሰጡን ናቸው። ይህን ስታነቡ በልባችሁ የደከማችሁ ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ፤ እስከ እሁድ አትጠብቁ።

ለባልና ሚስት መወያያ

1. ልጃችን በጣም ቢከፋው መጀመሪያ የሚነግረው ለማን ይመስለናል? ለምን?
2. በራሳችን አስተዳደግ የነበረ ቁስል ወደ ልጆቻችን እየተላለፈ ይሆን?
3. በዚህ ሳምንት በራችንን ልናንኳኳለት የሚገባ ማን አለ?

ጭል ጭል የሚለውን ክር የማያጠፋው ጌታ የቤታችሁን መብራት ይጠብቅ። አሜን።